ካሜራ እንደ ላም የገዛሁ ለታ

ፊደል ባልቆጥርም የከብት ጥርስ እቆጥራለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት ሚኤሶ ገበያ ፍየልና ላም እየነገድኩ ነው። የልጅ ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ አጥታ፣ ጭሮ ከተማ ቤቴ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሶፋዬን ስትጠብቅልኝ ከረመች። አንድ ቀን «አኮ፣ ፎቶ አንሺ ልሆን ነው» አለችኝ። አኮ በኛ አገር አያት ማለት ነው።

ገለምሶ ያለች ጓደኛዋ የእሁዱን ሰርጌን አንሺልኝ ብላታለች። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ የቀራት ካሜራ ብቻ ነው!

እኔ ሁለት ፍየል ሸጥኩ፣ እሷ ያጠራቀመቻትን ያዘች፣ ሐሙስ ዕለት ከተማው መሃል ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ አባቱን ከከብት ገበያ አውቀዋለሁ። ሁለት ካሜራ አወጣልን። አንዱ ትልቅ፣ ያገለገለ፤ ሌላው አዲስ ግን ትንሽ፣ ለጀማሪ የሚሆን።

እኔ ትልቁን ወደድኩ። «በዚች ሚጢጢ ሰርግ ቤት ብትገቢ ምሳም አይሰጡሽ» አልኳት።

«አኮ፣ ፎቶ በኪሎ አይሸጥም።»

«ወላሂ እማማ፣ ልክ ነዎት» አለ ባለሱቁ። «ይሄ የባለሙያ ነው። ብዙም አልተሠራበትም።»

ይሄን ቃል አውቀዋለሁ። ያረጀች ላም ሁሉ «ሁለቴ ብቻ ነው የወለደችው» ተብላ ነው የምትሸጠው።

«እስቲ ጥርሱን አሳየኝ» አልኩት።

ባለሱቁ ሳቀ። የልጅ ልጄ አልሳቀችም። ለካ ካሜራም ስንት ጊዜ እንዳነሳ ሆዱ ውስጥ ይቆጥራል! አንድ ፎቶ አነሳችና በባለሱቁ ላፕቶፕ ከፍታ ቁጥሩን አየች። «አኮ፣ ይሄማ ያገሩን ሰርግ ሁሉ አንስቶ ጨርሷል።» ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ።

ወደ ትንሿ ተመለስን። ዋጋ ላይ ደግሞ ማን ይችለኛል? እጁን ያዝኩና ነጠላዬን ከላይ ጣል አደረግኩበት። ከብት ነጋዴ ዋጋ በአፉ አይጠራም፤ በጨርቅ ሥር ጣት እየጨበጠ ነው የሚነጋገረው። ልጁ ካባቱ ተምሮታል። ጨበጠኝ፣ ጨበጥኩት፣ ፊቱ ጠቆረ፣ በመጨረሻ እጅ ተመታታን። እጅ ከተመታ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚል ሰው ሁለተኛ ገበያ አይቆምም።

ልጁ ብሩን ተቀበለና የካሜራዋን ዓይን ጠምዝዞ ነቅሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው።

«ምነው! ምን አደረግካት?»

«ሌንሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ እማማ።»

የልጅ ልጄ እንባዋ መጣ። «አኮ፣ መጀመሪያ ለምን አልጠየቅሽኝም? እሁድ በምን ላነሳ ነው?»

ብሩ አልቋል፣ እጅ ተመትቷል። ስንት ዘመን ላም ስገዛ «ከነዓይኗ ነው ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በረንዳው ላይ ጫቱን የያዘ አንድ ሽማግሌ የከብት ደላላ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጠራሁትና ነገርኩት። ወደ ባለሱቁ ዞረ።

«እጅ ስትመቱ ዓይኗ እላይዋ ላይ ነበር?»

«ነበር፣ ግን ካሜራ እኮ...»

«ገበያ ላይ የሚሸጠው እንደቆመ ነው። አንተ ላም ሸጠህ ጡቷን ታስቀራለህ?»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ባለሱቁ እያጉረመረመ ሌንሱን ገጠመ። አገጬን ቀና አድርጌ ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ።

«ቆይ እማማ! ገመዱስ የሻጭ አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው «እሱስ እውነቱን ነው» አለ። በኛ ገበያ ላሟ ትሄዳለች፣ ገመዱ ከሻጩ ጋር ይቀራል። ልጁም የካሜራዋን ማንጠልጠያ ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ያባቱ ልጅ! ካሜራዋን በነጠላዬ አቅፌ ወጣሁ።

እሁድ የልጅ ልጄ ካሜራዋን በቀይ ሻሼ አንገቷ ላይ አስራ የገለምሶን ሰርግ አነሳች። ሰኞ ሌላ ሁለት ሰርግ ይዛ መጣች። ሻሼን ግን ይኸው እስከዛሬ አልመለሰችም፤ የሙያ ዕቃዬ ነው ትለኛለች።