የታችኛው ድምፅ

ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ረቡዕ ዕለት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ከአንድ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ፣ የዘሪቱ ኦይታ ዘፈን አንድ ድምፅ ጎድሎት ቀረ። የላይኛው ድምፅ ተቀድቷል፤ እሱ የራሷ ነው። መካከለኛው ተቀድቷል፤ እሱ የልጇ የአይዳና የወንድሟ ሚስት የሰብሊ ነው። ጭብጨባው እንኳ ሳይቀር በቦታው አለ። የታችኛው ድምፅ ግን የለም።

ይህ ለሌላ አገር ሰው ትንሽ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። ዶርዜ ላይ ግን ሰው ብቻውን አይዘፍንም። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ከአፉ ላይ ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው መሐል ገብቶ ያዋዛዋል፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ወንዶች «ሆ» እያሉ ወለል ይሆኑለታል። ወለል የሌለው ዘፈን ላይ መቆም አይቻልም። ይኸኛው ዘፈን ደግሞ የዘሪቱ አባት ኦይታ፣ መንደሩ ተጠራርቶ መሬት ሲቆፍር ይመሩት የነበረ የቁፋሮ ዘፈን ነው። ዘሪቱ በልጅነቷ ለቆፋሪዎቹ ውኃ አድርሳ ቶሎ እንድትመለስ ትላክ ነበር። ውኃውን ታደርሳለች፤ አትመለስም። የላይኛውን ድምፅ እዚያው ማሳ ዳር ቆማ ሰረቀችው። የታችኛውን አባቷ ራሳቸው ለታናሽ ወንድሟ ለዘመድኩን አስተማሩት፤ ድምፁ ገና በልጅነቱ እንደ ሽማግሌ የከበደ ስለነበር።

ያንን የታችኛውን ድምፅ ከሚያውቁት ወንዶች ግማሾቹ ሞተዋል። ግማሾቹ ጌታን ተቀብለው ዘፈን ትተዋል። በሕይወት ያለና ጉሮሮ ያለው ዘመድኩን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዘፈን መተው ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል።

ዘሪቱም ያው ምዕመን ናት። አርባ ምንጭ ካገባች ጀምሮ ከኩልፎ ወንዝ ዳር አትክልተኞች ሙዝ እየተረከበች ለአዲስ አበባ ጫኞች ታስረክባለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በእናቶች መዘምራን ውስጥ ከፊት ትቆማለች። ከፊት የቆመችው በድምፅዋ ነው እንጂ በጸባይዋ ቢሆን ኖሮ ከበር ውጭ ነበረች። ሰባኪው ሲረዝምባት፣ ከመቀመጫዋ ሳትነቃነቅ የመዝጊያውን መዝሙር ከአፍንጫዋ በታች ቀስ አድርጋ ታነሳለች። ከጎኗ ያለችው ትቀበላታለች፣ ከኋላ ያሉት ይቀበላሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ሰባኪው መንፈስ የወረደ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ ስብከቱን ይዘጋል። ማን እንደጀመረው በሽማግሌዎች ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለቴም ሳይታወቅ ቀርቷል። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ፣ ነገሩ በጥብቅ እንዲጣራ ሐሳብ ያቀረበችው ራሷ ዘሪቱ ናት።

ስለ ልቧ ሐኪሙ የነገራትን ለማንም አልደበቀችም፤ ግን ማንም በቁም ነገር እንዲሰማት አላደረገችም። «ባጃጅ ልብ ነው ያለኝ፤ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል፣ ቁልቁለት ላይ ደህና ነው» ትል ነበር። ሰኔ 6 ቀን ማክሰኞ ጠዋት ቆመ። እሷ ግን ከሁሉም ሰው በፊት የምታውቀው ይመስላል፤ ባይሆን ኖሮ የአባቷን ዘፈን በዚያ ጥድፊያ ለማስቀዳት አትነሣም ነበር። ሰው ምን አስቸኮለሽ ሲላት፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ነው ትላለች። የስቱዲዮው ጣሪያ በእርግጥም ቆርቆሮ ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ኦሊያድ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሊማር ከነቀምት መጥቶ፣ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ትሪና በስፖንጅ ፍራሽ ለብጦታል። የሚያውቀው አሠራር አንድ ነው፤ ሰው ተራ በተራ ይገባል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ማሽኑ ቂጭ ቂጭ እያለ ምቱን ይቆጥርለታል፣ የየራሱን ድርሻ ብቻውን ዘፍኖ ይወጣል። ከዚያ ኦሊያድ ይቀጣጥለዋል።

መጀመሪያ ዘሪቱ ገባች። ማዳመጫውን አድርጋ ትንሽ ሰማችና፣ ይህች ዶሮ ምን ትለቅማለች ብላ ጠየቀች። ዶሮዋ እንድትወጣ ተደረገ። ከዚያ አነሣችው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ በሩን ታይ ጀመር። የሚቀበላት የለም። ኦሊያድ ከመስተዋቱ ማዶ በእጁ ቀጥይ ቀጥይ ይላታል፤ እሷ በሩን ታያለች።

ቀጥሎ ሰብሊ ገባች። ሰብሊ ከዶርዜ የወረደችው ባሏን ዘመድኩንን፣ ዘሪቱን ልጠይቅ ብላ ነግራው ነው፤ ጠይቃታለች፣ ውሸት የለበትም። ኦሊያድ የዘሪቱን ድምፅ በማዳመጫው ለቀቀላትና ተቀበያት አላት። ሰብሊ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ደግሞ ለቀቀላት። ደግሞ ነቀነቀች። የተቀዳው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሳል አለ። ኦሊያድ ትዕግሥቱ አልቆ ገባና ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቃት። እሷን ነው አለችው። እሷማ ዘፍናለች፣ ጆሮሽ ውስጥ አይደለችም ወይ አላት።

«ጆሮዬ ውስጥስ አለች» አለች ሰብሊ፤ «ግን አታየኝም።»

ዘሪቱ ከውጭ ሆና ይህን ስትሰማ ሣቋ አመለጣት። ገብታም ሁለቱን ፍራሽ ከግድግዳው ላይ ነቅላ መሬት አነጠፈችና ሁሉንም ክብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ኦሊያድ ለፍራሾቹ እያዘነ ማይኩን ከላይ አንጠለጠለ። ያኔ ሆነ። አይዳ ሳይቀር፣ ቢሮ ስትሠራ ውላ ማታ ለእናቷ ስትል ብቻ የመጣችው፣ ጉልበቷን መምታት ጀመረች።

ከዚያ የታችኛው ቀረ። ኦሊያድ ይህማ ቀላል ነው ብሎ በኪቦርዱ ወፍራም ድምፅ ፈልጎ ከሥር አስገባላትና አሰማት። ዘሪቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ልጄ፣ ይኼ ሙዝ የሚጭነው አይሱዙ ነው» አለችው። «አባቴ አይሱዙ አልነበረም።»

በነጋታው ለዘመድኩን ስልክ ደወለች። መጀመሪያ በግልጽ ለመነችው። ዘመድኩን ሲቆጣት ዘሪቱ ማለቱን ትቶ እህት ዘሪቱ ይላታል፤ የዚያን ቀን ከመጀመሪያው እህት ዘሪቱ አለ። ሲጠመቅ በጉባኤ ፊት ቃል መግባቱን አስታወሳት። የዚያ ዘፈን አንድም ቃል ዳግመኛ ከአፉ እንደማይወጣ፣ ይህንንም እሷ ራሷ ቆማ መስማቷን አስታወሳት። እውነት ነው፤ ሰምታለች፣ እልልም ብላለች።

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ የተከለከለ ሰው ፊት አልነበረም። አይዳን ጠራችና፣ አያትሽ ከታች ሆነው ሲይዙ ምን ይሉ ነበር ብላ ጠየቀቻት። አይዳ አያቷን አታስታውስም።

«ሆ ነው የሚሉት» አለች ዘሪቱ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሆ ብቻ ነው። አንድ ቃል የለበትም።»

ለቀሪው ሁለት ነገር ብቻ አስፈለጋት፤ መዝሙርና ኦሊያድ። መዝሙሩ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ የእናቶች መዘምራን አዲስ መዝሙር ሊያስቀዱ ነበርና የወንድ ድምፅ ያስፈልገናል ብላ ዘመድኩንን ጠራችው። ለዚህ ደስ ብሎት መጣ። ኦሊያድን ግን ለማሰልጠን ብዙ ለፋች፤ ልጁ በጥሩ ቤት ያደገ ነውና ውሸት አይሆንለትም።

ግንቦት 19 ቀን ቅዳሜ ዘመድኩን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ ከሰብሊ ጋር ወረደ። መዝሙሩን አስቀዱ። በደንብ ወጣ፤ ማንም ያንን መዝሙር ማታለያ ነበር ሊለው አይችልም፣ እስከ ዛሬ ይዘመራል። ሲያልቅ ዘሪቱ ኦሊያድን በዓይኗ ጠቀሰችው። ኦሊያድ ላቡን ጠረገ።

«ጋሽ ዘመድኩን» አለ፣ «ማይኩን ለወንድ ድምፅ ልለካው ነበር። ትንሽ… ሆ ቢሉልኝ።»

ዘመድኩን ልጁን አየው። ከዚያ መሬት የተነጠፉትን ፍራሾች አየ። «መለኪያው መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ለሚቀጥለው ሰው ነው» አለች ዘሪቱ ቶሎ ብላ።

ዘመድኩን አሁን እሷን አየ፤ ረጅም ጊዜ። እሷ ጣሪያውን ታያለች። መጽሐፍ ቅዱሱን ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና፣ ማንም ቦታ ሳይሰጠው፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቱ በዕረፍት ሰዓት የሚቀመጡት እንደዚያ ነበር። «ሆ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ወደ መሬት ወረደ። ዘሪቱ ለመዝፈን ተዘጋጅታ ነበር፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ ግን እምቢ አላትና ሰብሊ በክርኗ ጎሸመቻት። ከዚያ አነሣች። ሰብሊ ከአፏ ተቀበለች፣ አይዳ መሐል ገባች፣ ዘመድኩን ከሥር ያዘ። ሊያቆም ይችል ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ በሩ ክፍት ነበር፣ መጽሐፍ ቅዱሱም በእጁ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነበር። አላቆመም። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያዘላቸው።

ሲያልቅ ኦሊያድ እጁን ከማሽኑ ላይ አላነሣም። ዘሪቱ ተግሣጹን ለመቀበል ነጠላዋን አስተካክላ ጠበቀች።

ዘመድኩን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሼ አልደረሰም» አለ። «ይደገም።»

ተደገመ። አሁን ስልክ የሚከፍት ሰው ሁሉ የሚሰማው ያ የተደገመው ነው። ሲጨርስ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አነሣ፣ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«አንድ ቃል አልተናገርኩም» አላት።

«ኧረ አንድም። ጉባኤው ቢጠራኝ ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

መኪና ሲሳፈር አንድ ነገር አሳሰባት፤ ዘፈኑ ላይ ስሙ እንዳይጠራ። ዘሪቱ ማለች፤ መሐላዋንም ጠበቀች። የዘመድኩን ስም የትም ቦታ የለም። ዶርዜ ላይ ያን ድምፅ ሰምቶ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን አልተወለደም። ሰብሊ ደግሞ መስኮቱን ከፍታ፣ ባሏ በሌላ በኩል ሲያይ፣ ለዘሪቱ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ስልኩ ከተደወለበት ቀን ጀምሮ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ማር ይውጣል፣ ከዚያም የሽመና ሥራውን ትቶ ጓሮ እንሰቱ መሐል ይገባል። ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች በሬ የጠፋበት ሰው ያለ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ሊያግዙ መጥተዋል። ዘሪቱ መኪናው ከሄደ በኋላ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ፣ ባጃጅ ልቧ እስኪንተፋተፍ ሳቀች። አይዳ ደንግጣ ውኃ አመጣችላት።

ዘመድኩን በእህቱ ቀብር ላይ አልዘመረም፤ አልቻለም። አሁን በቤቱ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ሸማኔው ሽማግሌ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲሠራ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ አንዱን ስብከት ደጋግሞ ያዳምጣል ይላሉ። ስብከቱ ጭብጨባ አለበት። ማንም አይጠይቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀረጻው በኋላ ዘመድኩን የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ነቅሎ በዶርዜ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከላት። ውስጡ በሙሉ ስብከት ነው፤ ከስብከት አንድ እስከ ስብከት አሥራ አንድ። መልእክቱ፣ መዝሙሩን ጫኝልኝ፣ መዝሙሩን ብቻ፣ የሚል ነበር። ሾፌሩ «ብቻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ነግሮኛል አላት። ዘሪቱ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መዝሙሩን ብቻ ትጭንለት ነበር።

ሰኔ 5 ቀን ሰኞ ከሙዙ ሥራ መልስ ኦሊያድ ዘንድ ሄደች። መዝሙሩ በስሙ ተጫነ። ሌላው ከሥሩ ገባ፤ ምን ብዬ ልጻፈው ሲላት፣ ስብከት አሥራ ሁለት በለው አለችው። ካርዱን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ መናኸሪያ ወረደች። የዶርዜው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። መሐረቡን ከአንድ እጅ ሙዝ ጋር ለሾፌሩ ሰጠችው። ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

«የሽማግሌው ነው» አለችው። «በእጁ ስጠው። ሙዙን ብላው።»

የጎደለው ሰው መጣና ሚኒባሱ ተነሣ። ዘሪቱ ዳገቱን እስኪጀምር ቆማ አየችው፤ ከዚያ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።