መልሱ ከሚቀጥለው ቅጠል ላይ ነበር

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት የለም፣ የተገፋ ድንበር የለም... ጠቡ በመጽሐፍ ነው።

በዳዩ ስማቸው የሚባለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ሳንጃ አስተምራለሁ። ለእረፍት ጎንደር ስመጣ የሟቹ አባታችን የመጽሐፍ ሳጥኖች ባዶአቸውን ቆዩኝ።

«አይጥ ሲጫወትበት ጊዜ ለቆራሌው ሰጠሁት» አለኝ፣ ምሳውን እየበላ።

እከስሃለሁ አልኩት። ሳቀ። ማመልከቻውን ጽፌ ፊቱ ሳስቀምጥለት ግን ሳቁን ዋጠው።

በሳምንቱ ካሳ ይዞ መጣ። ውጭ አገር ያለ ጓደኛው የላከለት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ። ከደብተር የቀጠነ፣ ግራጫ።

«ሺህ መጽሐፍ ይይዛል። ሁለት ሳጥን ወስጄ ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁሽ፤ ምን ቀረብሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ ሸጋ ዕቃ ነው። ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ዓይን አያደክምም፤ መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት እንኳ ባትሪው አላለቀም። በመጀመሪያው ቀን ገጽ ለመግለጥ ጣቴን በምራቅ አርሼ ራሴን ታዘብኩት።

አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሳነብ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሥር መስመር ተሰምሮ አየሁ። ልቤ ዘለለ... ለካ ሌሎች አንባቢዎች፣ የትም ያሉ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ያሰመሩበትን ነው የሚያሳየኝ። የዓለምን ሕዝብ እርሳስ ያውቃል፤ የአባዬን አያውቅም።

አማርኛ ስጭንበት ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነ። መስመር ሙሉ፣ ገጽ ሙሉ አራት ማዕዘን።

አባዬ ኮላ ድባ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው። ቀይ እርሳስ ካልያዘ አያነብም። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ጠርዙ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ፣ እሱ ይመልሳል። መልሱን ግን እዚያው አይጽፍም፤ ቅጠሉን ገልጦ ከሚቀጥለው ላይ ነው። «መልስ ከጥያቄ አጠገብ ከተቀመጠ ተማሪ አያስብም» ይለኝ ነበር። አምና ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ሲያዝ፣ ይህችው ልማድ የቀረችን ጨዋታ ሆነች።

ወደ ሳንጃ በተመለስኩበት ጠዋት፣ ሲያነበው በነበረው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ «አባዬ፣ ሥራዬን ትቼ ልምጣ?» ብዬ ጽፌ ሄድኩ።

በአሥረኛው ቀን ተደወለልኝ።

ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን አቀፍኩት እንጂ አልገለጥኩትም። ይቆየኝ አልኩ፣ ልቤ እስኪጠና... ከሌሎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ወንድሜ ለቆራሌው የሰጠው እሱን ነው።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ የአባዬ ወዳጅ አያ ታከለና፣ ገበያ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ።

አያ ታከለ ጀመሩ። «ምነው ልጄ፣ ወንድምሽ ክሶሽ የለም እንዴ? ሴት ልጅ ለወረቀት ብላ ወንድሟን ፍርድ ቤት ታቆማለች?»

ማንበቢያውን አማርኛው ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። «አያ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት። «ይሄ... መስኮት ብቻ ነው። ፊደሉ የት ገባ?»

«የሶፍትዌር ነገር ነው አያ፣ ይስተካከላል» አለ ስማቸው።

«አስተካክለው። ሲስተካከል አባዬ የጻፈልኝን መልስ ክፈትልኝ።»

ጥያቄዬን ነገርኳቸው። ስማቸው ይህን አያውቅም ነበር። አንገቱን ደፋ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የአባትሽ ጽሑፍ በቀይ እርሳስ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ ሐጂ።»

ከሽማግሌ ወንበራቸው ተነሡ። ዱላቸውን ይዘው ተሻገሩና ከወንድሜ ጎን ተቀመጡ፣ በበዳይ ወገን።

«ምነው ሐጂ?» አሉ አያ ታከለ።

«ጆንያውን ከቆራሌው የገዛሁት እኔ ነኝ። ጥቁር አዝሙድ ስጠቀልልበት ከረምኩ። ቀዩን አይቼ የተማሪ ነገር መስሎኝ... እኔንም ዳኙኝ።»

አራታችንም ሱቅ ሄድን። ጆንያው ከባንኮኒው ሥር ጎድሎ ተቀምጧል። ወንድሜ ተንበርክኮ አንድ በአንድ አወጣው። ያገኘውም እሱ ነው። የማውቀው ሽፋን፣ መሃሉ የተጎረሰ።

«እርሳስ ተቀምጦበት ኖሯል» አሉ ሐጂ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ሲይዙት በራሱ ከዚያ ይገለጣል። የቀደድኩት ከተገለጠበት ነው።»

አባዬ እርሳሱን የሚያስቀምጠው ጽፎ ካቆመበት ነው።

ጥያቄዬ አለ። ከጥያቄዬ ቀጥሎ የነበሩት ቅጠሎች የሉም።

ስማቸው ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ «ይቅር በይኝ» አለ። አያ ታከለ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ እሺ እንድል ነው። የገበያው ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ያየናል።

«እርቁ ይቆየኝ» አልኩ። ማንበቢያው እስከዚያው በአያ ታከለ እጅ ነው።

ጎንደር ያላችሁ፣ ሰሞኑን ጥቁር አዝሙድ የገዛችሁ... መጠቅለያውን እሳት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ዘርግታችሁ እዩልኝ፤ ጠርዙ ላይ በቀይ እርሳስ «ነይ» ወይም «አትምጪ» የሚል ካለ፣ የኔ ነው።