ነካ ያደርገዋል

እኔና ወንድሜ አንድ ዳቦ ቤት ነው የምንሠራው። አምና ምድጃው ፈንድቶ ቤቱ ሲነድ፣ እሱ የጋለውን የብረት በር በእጁ ደግፎ ይዞ ሁላችንንም አስወጣን። እጁ ድኗል፤ ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ዛሬ ሊጥ አቡኪው ሆን ብሎ የዳቦ ትሪ መሬት ላይ ለቀቀ። ወንድሜ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ትንሽ ነካ ያደርገዋል» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀ።

ደሜ ፈላ።

«አንተ ወጪት ሰባሪ! እጁ የተቃጠለ ጊዜ ብርቱካን ይዘህ ልትጠይቀው መጥተህ የለ? ያም ቁስል፣ ይሄም ቁስል፤ ለሁለቱም ሐኪም አለ። ምኑ ነው የሚያስቅህ? ነካ ያደርገዋል ነው ያልከው? አዎ፣ ነክቶታል! አንተን ያልነካህ እሱ በሩን ይዞልህ ስለቆመ ነው።»