አላመመኝም ያልኩበት ክረምት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። በጠላት ዘመን ስንት ሰው ወድቆ፣ ስንት ቤት ተቃጥሎ ሳለ የአንድ ጎረምሳ ጉልበት ነገር ማንን ይጠቅማል? ልተወው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የልጅ ልጄን ሐኪም ቤት ይዤው ሄድኩ። ኳስ ሲጫወት የተበጠሰ የጉልበቱ ጅማት በቀዶ ሕክምና ተጠግኖለት፣ አሁን እግሩን ያለማምዱታል። ባለሙያዋ ጉልበቱን ቀስ አድርጋ አጠፈችና "ያምሃል?" አለችው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ "ኧረ ምንም!" አላት። ተነስቼ ወጣሁ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከደብረ ሲና ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ሲያሠራ እኔም ድንጋይ እንድሸከም ተወሰድኩ። በ1930 ሰኔ መጀመሪያ፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ከነሸክሜ ስወርድ እግሬ ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ሰውነቴ ብቻ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ። ካቦው "ይሄ ከእንግዲህ ለሥራ አይሆንም" ብሎ ከመንገዱ ዳር አስጣለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ከደጋ ወርዶ፣ አዝሎ ሼህ እንድሪስ ቤት አደረሰኝ። ሼሁ በአካባቢው የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ጉልበቴን በሰሊጥ ዘይት አሽተው፣ በሸምበቆ ስንጥቅ አሰሩትና "አርባ ቀን እንዳይነቃነቅ" አሉ። በጓሯቸው ዳስ ሠርተን ተቀመጥን። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ የማሽላ ዱቄትና ወተት ይሰጡን ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ማንም ሳይነግራቸው ወተቱን አስቀርተው የተቆላ ሰሊጥ ያመጡልን ጀመር።

የሚያስፈራን ጊዜው ነበር። እኛ ደገኞች ቆላ ብናርስም፣ ዝናቡ አባርቶ ንዳድ ሳይነሳ ወደ ላይ እንሸሻለን። መስከረምን እዚያ ያሳለፈ ደገኛ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በቅሏችንን ጣሊያን ወስዷታል፤ በቃሬዛ የሚያወጡኝ የመንደራችን ጎልማሶችም ገሚሶቹ መንገድ ሥራ፣ ገሚሶቹ ጫካ ናቸው። ስለዚህ ዳገቱን በእግሬ መውጣት ነበረብኝ።

እስሩ ሲፈታ ጠዋት ጠዋት፣ ሮቢ ወንዝ ጎድሎ ባደረ ቀን፣ አሸዋው ላይ በሁለት ዱላ እራመዳለሁ። ማታ ሼሁ ጉልበቴን ያጥፉታል።

"አመመኝ በል ልጄ፣ ነውር የለውም። እጄ አያይም፤ የሚያይልኝ ያንተ አፍ ነው።"

"በከንቱ ነው ሼህ!" አለ ጌታነህ። "ይሄ ልጅ ቢያርዱትም አመመኝ አይል።"

"እኔ ባርደው አንተ አትበላው!"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ የወንድሜን ሙገሳ እንደ ማር ላስኩት። ከፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት በአንዱ ቀን ሼሁ ሲያጥፉኝ ሕመሙ እስከ ጥርሴ ደረሰ።

"አመመህ?"

"ኧረ ምንም።"

ትንሽ ጨመሩበት። በማግስቱ አሸዋው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ወደቅሁ። ሼሁ ዳስሰው ፊታቸው ጠቆረ። "ትናንት ሳጥፈው አሞህ ነበር?" አሉኝ። ጌታነህ ያየኛል።

"አላመመኝም።"

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። "እንግዲያው ያበላሸው እጄ ነው" አሉና ለሌላ አርባ ቀን አሰሩኝ።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ማሽላው እሸት ይዟል፤ ትንኙም በዝቷል። "ጋሼ፣ አንተ እንኳ ውጣ" አልኩት ጌታነህን።

"አንተንስ ለማን ትቼ? ለጅብ?"

በመስከረም አጋማሽ ንዳድ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ሞተ። በየኬላው ሬሳ ማሳለፍ ስለማይቻል ከወንዙ በላይ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀበረ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሼሁና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አፈሩ ሲመለስ ሼሁ "እጄ ነው፣ እጄ ነው" እያሉ ያለቅሱ ነበር። ኅዳር ላይ በዱላ እያነከስኩ አገሬ ገባሁ።

ጣሊያን ሲወጣ የወንድሜን አፅም ለማውጣት ከአጎቶቼ ጋር ወረድኩ። የሼሁ ደጅ ስንደርስ ክንዱ የተሰበረ ሰው ተደግፎ በበራቸው አልፎ ሄደ።

"ሼህ አያሹም እንዴ?" አልኳቸው እትዬ ዘሃራን።

"ከወንድምህ ወዲህ የሰው አካል ነክተው አያውቁም።"

ሼሁ ግን ለመቆፈር ዶማ ይዘው መጡ። ቁርቁራው ሥር ደርሰን ሼሁ መቆፈር ሲጀምሩ ተጠጋኋቸው።

"ሼህ፣ ያን ጊዜ አሞኝ ነበር።"

ዶማው ቆመ። "በጣም?"

"በጣም።"

"ይቺን እጅ ስረግማት ኖርኩ" አሉ። አልተቆጡኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ። አፅሙን በነጠላ ስንጠቀልል ብቻ "በዚያ በኩል ያዝ" አሉኝ፣ አብረን አነሳነው።

ዛሬም የሚያውቁኝ ሰዎች "ቻይ ነህ" ይሉኛል፤ ሊያስደስቱኝ ነው። ሼሁ ወደ ሙያቸው ይመለሱ አይመለሱ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ መልሱን ፈርቼ ይመስለኛል። እውነቱን ለሼሁ እስክነግራቸው ድረስ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ዳገቱን በገዛ እግሬ ወጥቼ ጌታነህን በአጥቢያችን ያሳረፍኩት ሰኔ 21 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።