ልጁ ጫካ መግባት አለበት

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ የልጄ ክፍል መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር። ጫማዬን ደጅ ያወለቅኩት ጭቃ ስለያዘ እንጂ ኮቴዬን ላጠፋ ብዬ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሠራሁትን የሚሰማ ሰው ልጇን ስትሰልል የኖረች ሴት አድርጎ እንዳያየኝ ነው። ልጄ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ የድምፅ መልእክት ይቀዳ ነበር።

«ስሚኝማ፣ ልጁ ጫካ መግባት አለበት። አለቀ። ከተማ ተቀምጦ ምን ሊፈጥር ነው? እኔ እሱን ብሆን አንድ ቀን አላድርም ነበር። እናቱማ ታለቅሳለች፣ ምን ይደረጋል? ሳይነግራት ነው መሄድ ያለበት።»

መስኮቱ ሥር ቆምኩ። የሚያነጋግራትን ልጅ አውቃታለሁ፤ ሰበታ ነው የምትኖረው፣ ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የገቡት። መልሷ ወዲያው መጣ፤ እሱም እንደ ልማዱ ድምፁን ለጎረቤት እስኪሰማ ለቀቀው።

«ኧረ ባክህ! ሰው ሁሉ ጫካ ከገባ ከተማውን ማን ሊይዘው ነው? እኔ እዚያው ተደብቆ ቢታገል ይሻላል ባይ ነኝ።»

ቀጥሎ የሱሉልታው ጓደኛቸው ገባ። «አትጨቃጨቁ ባካችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እኛ ጋ ኮታ፣ እዚሁ ይለይለታል። ጃኬት ያዙ፣ የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ። ባትሪም እንዳትረሱ።»

«ኮታ» ማለቱ «ኑ» ማለቱ ነው። እነዚህ ልጆች አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መምህርትነቴ ተነሥቶብኝ አርማቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሰዋስው ትዝ አላለኝም። ቅዳሜ፣ ሱሉልታ፣ ጃኬት፣ ባትሪ። «ልጁ» የሚሉት ማንም ይሁን ማን፣ የሚነሡት እነሱ ናቸው። ከሱሉልታ ወዲያ ያለው መንገድ ወደ የትኛው ጫካ እንደሚወስድ ለማንም አይጠፋም።

ቡራዩ ውስጥ አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ፈሊጣዊ አነጋገር የሚባለው ምዕራፍ ሲደርስ «ሆዱ ባባ»ንና «እጀ ረጅም»ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳለሁ። «ጫካ ገባ»ን ግን ጽፌ አላውቅም። ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚህ አገር ጫካ የሚገባ ሰው እንጨት ሊለቅም አይደለም የሚገባው፤ ነፍጥ ሊያነሣ ነው። ይህን የአምስተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል።

ወንድሜ የሄደው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ደብተር ልግዛ ብሎ ወጣ። ጫካ መግባቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰው ሰማን፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። መርዶ ነጋሪ ስላልመጣ እናቴ ድንኳን አልጣለችም፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተስካር አላወጣችም። መርዶው ላልመጣ ሰው አይለቀስም፤ ማልቀስ ሟርት ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ እንባዋን በሽንኩርት ታሳብብ ነበር፤ ሽንኩርት ሳትልጥ ቀርታ ዓይኗ ሲቀላ ደግሞ ጢሱ ነው ትላለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሞት በላይ የምፈራው ይህንን ነው፤ ሄዶ መቅረትን።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይባል። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ልጥ አልመሰለኝም።

ታዲያ ለምን ልጁን በቀጥታ አልጠየቅሽውም ይሉኛል። ፈራኋ! ወንድሜ የሄደው እናቴ «ምን እያሰብክ ነው?» ብላ በጠየቀችው ማግስት ነበር። ልጄንም ብጠይቀው ቅዳሜን ሳይጠብቅ ሐሙስ ይሄድብኛል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እራት አቀረብኩለት፣ ሲጎርስ አየሁት፣ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ሆድ ውስጥ ያለውን ዝምታ አላዩትም። አባቱ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ያን ቀን ያህል በሞቱ ተናድጄበት አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ቦርሳውን ከፈትኩ። ወፍራሙ ጃኬት ታጥፎ ተቀምጧል። ባትሪ አለ። ሁለት ፓኮ ብስኩት አለ። ከሥር ደብተር፣ ደብተሩ መሀል ደግሞ ካርታ። ተራሮች፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ በዛፍ ሥዕል የተሞላ ሰፊ ጫካ። ከአንዲት ከተማ የሚነሡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ቀዩ ቀጥ ብሎ ጫካው ውስጥ ይገባል፣ ሰማያዊው በከተማዋ ጓዳ ጎድጓዳ ይጠማዘዛል። በቀዩ ላይ «መ»፣ በሰማያዊው ላይ «ፊ» ተጽፏል። «መ»ን መሣሪያ፣ «ፊ»ን ፊት ለፊት ብዬ ተረጎምኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ቋንቋ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ሁሉንም እንደነበረ መልሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት ጠመኔ ላነሣ ጎንበስ ባልኩበት እንባዬ መጣ። ከጎኔ ክፍል የምታስተምረው ጓደኛዬ አየችኝና እጄን ይዛ ወደ ባዶ ክፍል አስገባችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ቁርሷን ላላመጣ ተማሪ የምታካፍል። ምን ሆንሽ ስትለኝ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ልጄ ጫካ ሊገባብኝ ነው» አልኳት። ቅዳሜ ከሱሉልታ እንደሚነሡም ነገርኳት፤ ካርታውንም ጭምር።

ጉንጬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። «አይዞሽ፣ አይሄድም» አለች። «ዘመዴ እኮ ጸጥታ ውስጥ ነው የሚሠራው። እኔ ባለሁበት ልጅሽ የትም አይሄድም።» ያኔ ይህ ቃል አጽናናኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ የወሰድኩት ያኔ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኦቦ ጋ ሄድኩ። ኦቦ ቡራዩ ገና የገብስ ማሳ ሳለች የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስማቸውን ጨምሮ የሚጠራ የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ብቻ ነው የሚላቸው። ልጄን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚገሥጹት እሳቸው ናቸው። አጥራቸውን ሲጠግኑ ደረስኩ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ መምህርት?» አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

ነገርኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ኧረ አልነገርኩም፣ ከአንቱ በቀር።» ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት አጠያየቃቸው አስደንግጦኝ ይሆናል።

«ደግ አደረግሽ። እንዲህ ያለ ነገር ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ። እኔ አነጋግረዋለሁ።»

አንድ ላይ ወደ ቤት መጣን። ልጄ ሳሎን ቁጭ ብሎ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ነበር፤ ኦቦን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። እሳቸው ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም።

«ልጄ፣ ጫካ ልትገባ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ማ? እኔ?» እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «የምን ጫካ?»

«ቅዳሜ። ከሱሉልታ» አልኩ እኔ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ረቡዕ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ካርታውንም አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ ሳቀ። እኔ አበደ ብዬ ነበር። ደብተሩን አምጥቶ ካርታውን ኦቦ ጉልበት ላይ ዘረጋና ማስረዳት ያዘ። ነገሩ ለካ ተከታታይ ፊልም ነው። በዓለም ላይ የሌለ አገር፣ የሌለ ንጉሥ፣ የሌለ ጫካ። መጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፣ ባለ ስድስት ቅጽ፤ ሦስቱም ጓደኛሞች ስልካቸው ላይ አንብበው ጨርሰውታል። አሁን ፊልም ሲሆን ታሪኩን ስለቀየሩት ሁለት ወር ሙሉ ሲከራከሩ ከርመዋል። «መ» መጽሐፍ ነው። «ፊ» ፊልም ነው። በመጽሐፉ ልጁ አልጋ ወራሽ ጫካ ይገባል፤ ጫካው የገባበትን ሰው የእናቱን ስም የሚያስረሳ ጫካ ነው። በፊልሙ ግን ከተማው ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ይደበቃል። ቅዳሜ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች የሱሉልታው ልጅ ቤት፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ሊያዩ ነው። ባትሪው መብራት ቢጠፋ ለመመለሻ ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ ደስ አለኝ፣ ልመታውም አማረኝ። ኦቦ ግን ካርታው ላይ አቀርቅረው ቀሩ።

«ዳቦ ቤት ምን ይሠራል?» አሉ በመጨረሻ። «ጫካ እያለለት?»

«ይኸው! አንቱም ይኸው አሉ!» ልጄ በደስታ ጮኸ። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሰበታዋ ናት እምቢ የምትለኝ። ቆይ ግን፣ አንድ ቦታ ላይ ፊልሙ ይበልጣል፣ እሱን አልክድም።»

«የቱ ጋ?» አልኩት። መሳቅ ጀምሬ ነበር።

«ልጁ መጀመሪያ ለምን እንደሚሸሽ ታውቂያለሽ? በመጽሐፉ እናቱ ናት የምታሲዘው። ጫካ ሊገባ ነው ብላ ትፈራና፣ ለንጉሡ ወታደሮች ትናገራለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዲያስቀሩላት ብላ ነው። እነሱ ግን ሊገድሉት ይመጣሉ። ፊልሙ ይህን ቀይሮታል፣ አጎቱ ነው የሚናገርበት። እኔ እዚህ ጋ ፊልሙ ትክክል ነው እላለሁ። የትኛዋ እናት ናት በልጇ ላይ የምትናገር? የሰበታዋ ግን መጽሐፉ ነው የሚያሳምነኝ ትላለች። የፈራች እናት ምን እንደምትሠራ አታውቅም ትለኛለች።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ባዶው ክፍል ታየኝ፣ የነጠላዋ ጫፍ፣ «ዘመዴ እኮ ጸጥታ ውስጥ ነው» ያለችበት ድምፅ። ትናንት እረፍት ሰዓት ነው የነገርኳት። ካርታውን ሳይቀር።

«እማ፣ አንቺ ፍረጂን» አለኝ ልጄ። «የቱ ያሳምናል?»

ልዋሽ እችል ነበር። አልቻልኩም። «መጽሐፉ» አልኩ።

«ምነው እማዬ!» ብሎ ሳቀ።

ኦቦ አልሳቁም። ካርታውን ከጉልበታቸው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና እኔን አዩኝ። ከአጥሩ ሥር የጠየቁኝን መልሰው ጠየቁኝ፣ አሁን ግን ቀስ ብለው ነው። «መምህርት፣ ለማን ነው የነገርሽው?»

ነገርኳቸው። ልጄ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ጠበቀ፣ ከዚያ ነው የጠፋው። በእሱ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ በስሕተት ተይዞ ስንት ሌሊት እስር ቤት ሊያድር እንደሚችል ለእሱ መንገር አያስፈልገኝም። የፈራሁትን እኔው ራሴ ጠራሁበት።

ስልኬን አወጣሁ። ሁለቱም እንዲሰሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ስሕተት ነበር፣ ስለ ፊልም ነው ለካ፣ ምንም የለም፣ በይ ይቅር በዪኝ። የምላትን በሆዴ ደጋገምኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሣችው። ገና ሄሎ ሳልል ቀደመችኝ።

«አንቺ! ልደውልልሽ ስል! በቃ አታልቅሺ እሺ? ለዘመዴ ነግሬልሻለሁ። ስሙንም ቤታችሁንም አስመዝግቤልሻለሁ። ነገ ማለዳ ይመጣሉ፣ የትም አይሄድብሽም።»

ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።