ጋሼ የተባለው ውሻ

ዝናቡ ካባራ ወዲህ እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ጠዋት ውሾቻችንን ይዘን ከሰፈራችን ከኒውላንድ ወጣ እንላለን። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የማናውቀው ሰው ተቀላቀለን። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ወፍራም ውሻው በየዛፉ ጥላ ሲጋደም ቆሞ፣ "ደከመዎት፣ ጋሼ?" ይለዋል።

ጓደኛችን ዘኪያ ሳቋን ማፈን አቅቷት፣ "ውሻ አንቱ ይባላል እንዴ?" አለችው።

"ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ናት። በሕይወት ሳለች ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የምታከብረው" አላት።

ድንገት ጅግራ ተነሣችና ውሾቹ ሁሉ ሣሩ ውስጥ ገቡ። የእኛዎቹ ሲመለሱ የእሱ ቀረ። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ጋሼ! ኧረ ይምጡ! ያለ እርስዎ ቤት አልገባም!" እያለ ጮኸ።

"መጣሁ!" የሚል ድምፅ ከማሽላው ማሳ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እያለከለኩ ወጡ። "ማነው እንዲህ አጥብቆ የፈለገኝ?"

እኛ አቀረቀርን። ሰውየው ግን ከካፖርቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦና እንቁላል አወጣ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ብቻዬን መብላት አልሆንልህ ብሎኛል" አላቸው።

ሽማግሌው ሳይግደረደሩ ተቀመጡ። ውሻውም እንቁላሉ ሲሸተው ከሣሩ ወጥቶ በመካከላቸው ተጋደመ።