ከወንዟ ያልተነሳች መንደር

አዳማ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከአዳማ አውቶቡስ ተራ የተነሳሁት ወደ አየርላንድ ሄጄ ስለ ወተት ላም እርባታ የስድስት ሳምንት ስልጠና ለመውሰድ ነው። የከብት እርባታ ባለሙያ ስለሆንኩ ዕድሉ ለእኔ ደረሰ፤ የመውጫ ቪዛው ግን ሦስት ወር አመላልሶኛል። እንዲያም ሆኖ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። አባቴ የሚኖሩት ከሶደሬ በታች፣ አዋሽ ዳር ነው። በዚያ ዓመት መንደር ምስረታ ተጀምሮ ነዋሪው ቤቱን አፍርሶ ላይኛው ሜዳ ላይ እንዲሰፍር ታዝዟል። ስሰናበታቸው "እኔ እስክመለስ ቤቱን እንዳያፈርሱ፤ መጥቼ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አነጋግራለሁ" አልኳቸው። ምን ብዬ እንደማነጋግረው እኔም አላውቅም።

አዲስ አበባ ስደርስ ከመርካቶ በሠላሳ ብር ወፍራም ካፖርት ገዛሁ። ሻጩ ሞስኮ የምሄድ መስሎት ስለ በረዶው መከረኝ። በዚያ ዘመን ውጭ የሚሄድ ሁሉ ወደዚያ ስለነበር አላረምኩትም።

ወንዝ ዳር

ለንደን ላይ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ከደብሊን በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ደረስኩ። የመንደሯን ስም በእኛ ፊደል ለመጻፍ ሦስቴ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ያላት አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ባለ አምስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ሥር ሰፊ ጥቁር ወንዝ ይሄዳል።

ያረፍኩት ሚስተር ቶም ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት ነበር። ሚስታቸው ሞታለች፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን በመንደሩ እህል ወፍጮ ሠርተው፣ ወፍጮው ሲዘጋ ጡረታ ወጥተዋል። የመጀመሪያው ዕለት የአሳማ ሥጋ በጎመንና በድንች አቀረቡልኝ። ሥጋውን ገፋ አድርጌ ድንቹን በላሁ። በማግስቱ ዓሣ ሠርተው ጠበቁኝ።

እሑድ የመቃብሩን ቦታ አሳዩኝ። አባታቸው፣ አያታቸው፣ የአያታቸው አባት ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ሁሉም የዚያው ወፍጮ ሠራተኞች ነበሩ። ያኔ ቀናሁ። ላሞቻቸውን ሳይ አልቀናሁም፤ የላም ነገር ተምረው የሚደርሱበት ነው። አንድ ቦታ ተወልዶ እዚያው መቀበር ግን የሚማሩት አይደለም። ያን ቀን እራት ላይ አኮረፍኩ፤ ደጉ ሰውዬ ብርድ የመታኝ መስሏቸው ሻይ ደጋገሙልኝ።

የውሃው ምልክት

ከበራቸው አጠገብ፣ በግድግዳው ድንጋይ ላይ መስመሮች ተቀርጸዋል። ወንዙ ሞልቶ ቤት በገባ ቁጥር አባወራው የውሃውን ልክ ይቀርጻል። ከፍተኛው መስመር ደረቴ ላይ ይደርሳል። ይህን ያህል ውሃ እየገባባችሁ ለምን አልተነሳችሁም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ወዴት?" አሉኝ። "ወንዙ ይመጣል፣ ይመለሳል። እኛ ወለላችንን እንጠርጋለን።"

ከዚያ በወንዙ ማዶ ጣሪያ አልባ ቤቶች አሳዩኝ። በቅድመ አያታቸው ዘመን ድንቹ በስብሶ ረሃብ ገብቶ፣ የመንደሩ እኩሌታ ወይ ሞቷል ወይ በመርከብ ተሰዷል። የእኛን አገር ረሃብ በቴሌቪዥን ሲያዩ ያለቀሱት እነዚያን ሰዎች አስበው እንደሆነ ነገሩኝ። አፈርኩ። ግን ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ የተሰደዱት ሰዎች ግድግዳ እንኳ እንደቆመ ነው። እኛ አገር የውሃ ልክ የሚቀርጽ ገበሬ የለም አልኳቸው፣ እንደሚያውቅ ሰው በሙሉ አፌ።

ወደ ቤት

አዳማ እንደገባሁ ዕቃዬን አስቀምጬ በሶደሬ አውቶቡስ ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ቤታችን በነበረበት የምድጃው ሦስት ድንጋይና ፓፓያዋ ብቻ ቀርተዋል። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ሽንኩርት ውሃ ሊያጠጡ ወርደው አገኙኝ። "አካም ጅርታ" ብለው አቅፈው ሳሙኝና በእጃቸው ወደ ሜዳው አመለከቱኝ።

አዲሶቹ ቤቶች እንደ ወታደር በሰልፍ ቆመዋል። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው።

"ቀን ተቆረጠ" አሉኝ። "ብጠብቅህ ቆርቆሮውም እንጨቱም እዚያው ይቀር ነበር።"

ዓይኔን ሳሸሽ የድሮው ቤታችን ምሰሶ መሀል ላይ ተተክሎ አየሁ። ዘጠኝ ቆረጣ አለበት። በልጅነቴ የደብተር ቦርሳዬን የማንጠለጥለው በአንዱ ላይ ነበር፤ ለቅል መስቀያ የተቆረጠ ይመስለኝ ነበር። ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"አዋሽ ነዋ" አሉ። "ይሄ አንተ የተወለድክ ክረምት። ይሄ ጥቁሩን በሬ የወሰደብን ጊዜ። ልኩ እንዳይዛነፍ የድሮውን ያህል ጥልቀት አስቆፍሬ ነው ያስተከልኩት።"

ሜዳው ላይ ውሃ መቼም አይደርስም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ወርቁ ላይ ቦርሳ ሰቅዬበት ነው ያደግኩት። ባሕር ተሻግሬ ባዕድ ሽማግሌ ስጠይቅ የከረምኩትን፣ አባቴን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

የሚስተር ቶምን ግድግዳ አጫወትኳቸው። ስለ ላሞቹም፣ ስለ ድልድዩም ምንም አልጠየቁኝም።

"ወንዙ አሁንም አጠገባቸው ነው?" አሉ።

"አዎ አባባ። ከበራቸው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።"

መዳፋቸውን ላይኛው ቆረጣ ላይ አሳረፉ።

"ታድለዋል" አሉ።